ቀለሙ ለምን እምቢ አለ? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ቀለም ብዕር

በዚህ እትም አምዳችንን በቀለም ብዕር መጻፍ ለጀመሩና ሊጀምሩ ላሰቡ አንባቢያን ሰጥተነዋል። ብዙዎቹ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ አጣምረናቸዋል። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት በስያሜ እንግባባ። ኒብ የምንለው የሚጽፈውን የብረት ምላስ ነው፤ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉትን ክንፎች እንላቸዋለን። ፊድ ከኒቡ ሆድ ሥር የተለጠፈው፣ እንደ ማበጠሪያ የተሸነተረው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙ ወደ ወረቀት የሚወርደውም፣ በምትኩ አየር ወደ ውስጥ የሚገባውም በእሱ በኩል ነው። ካርትሪጅ ቀለም ተሞልቶ የሚሸጥ ትንሽ ቱቦ ነው። ኮንቨርተር ደግሞ በካርትሪጁ ቦታ ገብቶ ከብልቃጥ ቀለም የሚስብ ትንሽ ፓምፕ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በእስክሪብቶ ብዙ ስጽፍ ጣቶቼን ያመኛል፤ ጓደኛዬ ቀለም ብዕር ሞክሪ ትለኛለች። የማገኘው ምክር ሁሉ ግን በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው የተሰጠ ነው። ለአማርኛ ምን ዓይነት ልግዛ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ከብራንዱ በፊት ውፍረቱን ወስኚ። ኒቡ ላይ ኢኤፍ፣ ኤፍ፣ ኤም ወይም ቢ የሚል ምልክት ታገኛለሽ፤ በቅደም ተከተል እጅግ ቀጭን፣ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም ማለት ነው። ልኩ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። እንደ ፓይለት፣ ፕላቲነምና ሴለር ያሉት ጃፓኖች ኤፍ የሚሉት፣ እንደ ላሚና ፔሊካን ያሉት ጀርመኖች ኢኤፍ ከሚሉትም ሊቀጥን ይችላል። የጃፓኑ ኤፍ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መስመር ያወጣል፤ የጀርመኑ ኤም 0.7 ሊደርስ ይችላል።

የእኛን ፊደል የሚፈትነው ኃምሱ ነው። «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለያት እግሯ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ብቻ ናት። በተራ ደብተር መስመር ላይ ፊደሉ ራሱ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀለበቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አትበልጥም። 0.7 የሚያወጣ ኒብ ውስጧን ሙልት አድርጎ ይደፍናትና «ቤት» «ቢት» ተብሎ ይነበባል። «ጬ» እና «ሿ»ማ ጨርሶ ይጨማለቃሉ። ስለዚህ ለደብተር የጃፓን ኤፍ ወይም የጀርመን ኢኤፍ ያዢ። በጥሩ ወረቀት ላይ ሰፋ አድርገሽ የምትጽፊ ከሆነ የጃፓን ኤም ይመችሻል።

በትንሽ ገንዘብ ለመጀመር ፕላቲነም ፕሬፒ አይናቅም። 03 የተባለው ቀጭኑ፣ 05 የተባለው መካከለኛው ነው። ክዳኑ ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፋ ሌላ ውስጣዊ ክዳን ስላለው፣ ለወራት ረስተሽው ብታነሺውም ወዲያው ይጽፋል። ጉዳቱ ቀፎው ስስ ፕላስቲክ መሆኑ ነው፤ ጠበቅ አድርገሽ ስታሽከረክሪው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከፍ ስትዪ ፓይለት ሜትሮፖሊታን አለ፤ ከበድ ያለ የብረት ቀፎ አለው። አውሮፓ ያለ ዘመድ የሚልክልሽ ከሆነ ግን እዚያ ኤምአር በሚል ስም እንደሚሸጥና የሚቀበለውም ካርትሪጅ የተለየ እንደሆነ ንገሪው። ላሚ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የሚመረት የተማሪ ብዕር ነው። መያዣው ባለ ሦስት ገጽ ስለሆነ ጣትን ቦታ ያስይዛል፤ ለአንዳንዱ እጅ ምቾት፣ ለሌላው ቅጣት ነው። በእጅሽ ሳትይዢው አትግዢው። ኒቡ ወደ ፊት ተስቦ ስለሚወጣ፣ ቢበላሽ ኒቡን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ቀለሙን ከየት እንደምታገኚ አስቀድመሽ እወቂ። ፓርከር፣ ላሚ፣ ፓይለትና ፕላቲነም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓይነት ካርትሪጅ አላቸው፤ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። ካርትሪጁ ከተማሽ ውስጥ ከሌለ ብዕሩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከነኮንቨርተሩ ግዢና የብልቃጥ ቀለም ተጠቀሚ። ኮንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ፣ አንድ የ50 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ቢያንስ 60 ጊዜ ይሞላልሻል። ኮንቨርተር ካጣሽ ባዶውን ካርትሪጅ እጠቢና ጫፉ በደነዘ መርፌና በሲሪንጅ መልሰሽ ሙዪው።

የጣት ሕመሙ ብዕር በመቀየር ብቻ አይለቅሽም። እስክሪብቶ ኳሷ እንድትሽከረከር መጫን ይፈልጋል፤ ቀለም ብዕር ግን የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ወረቀቱ ላይ በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድመሽ፣ የኒቡን ጀርባ ወደ ላይ አድርገሽ፣ ሳትጫኚ ጎትቺው። መጫንሽን ለማወቅ ከደብተርሽ የሚቀጥለውን ገጽ በጣትሽ ዳሺው፤ የፊደሉ ቅርጽ ከተሰማሽ ገና እስክሪብቶ ላይ ነሽ። ሥር ካርቦን ያለው ደረሰኝ ስትሞዪ ደግሞ ወደ እስክሪብቶሽ ተመለሺ፤ ያ ሥራ የቀለም ብዕር አይደለም።

ጥያቄ፦ አዲስ ብዕር ገዝቼ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ይቧጭራል። ደግሞም ቃል ስጀምር የመጀመሪያው ጭረት ብዙ ጊዜ አይወጣም። ተታልዬ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ ይያዟቸው። መጀመሪያ ግን ይጠቡት። ፊዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የዘይት ቅሪት ሊኖርበት ይችላል፤ ቀለሙም ዘይቱን ሸሽቶ ይቆራረጣል። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፤ ኮንቨርተሩን እያሽከረከሩ አሥር ጊዜ ያህል ይሳቡና ያስወጡ። ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ይድገሙት። ኒቡን ወደ ታች አድርገው በታጠፈ ሶፍት ላይ ያሳድሩት፤ ሶፍቱ ቀሪውን ውሃ ይስብልዎታል።

ከታጠበም በኋላ ከቧጨረ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሁለቱ ክንፎች አለመስተካከል ነው። ባለ 10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ይፈልጉ፤ ጌጥ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ይበቃል። ኒቡን ወደ ዓይንዎ አቅንተው፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው ፊት ለፊት ይመልከቱ። ጫፉ ላይ የተበየደችው ጠንካራ ጠብታ መሐል ለመሐል ተሰንጥቃ፣ ግራና ቀኟ እኩል ቁመት ላይ መታየት አለባት። አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ከታየ የውስጥ ጠርዙ ወረቀቱን እየቆፈረ ነው። ማጉያ ከሌለዎት ብዕሩ ራሱ ይናገራል፤ ሳይጫኑ አግድም መስመር ይጎትቱ። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ብቻ የሚቧጭር ከሆነ ዝቅ ያለው የግራው ክንፍ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሆን የቀኙ።

መድኃኒቱ ጥፍር ነው። ዝቅ ያለውን ክንፍ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብለው ከሥሩ በጥፍርዎ ደግፈው ወደ ላይ ይግፉት፤ ሦስት ሰከንድ ይያዙት፤ ይልቀቁትና መልሰው ይመልከቱ። ብረቱ ስፕሪንግነት ስላለው ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጥቂት በጥቂት ደጋግመው ያስተምሩት። በአንድ ጊዜ ካጎበጡት ስንጥቁ ይከፈትና ቀለም ይዘረግፋል። የብርጭቆ ወረቀት እንዳያስነኩት አደራ። የሃርድዌር መደብር ብርጭቆ ወረቀት ያችን ጠብታ በጥቂት ሰከንድ ይበላታል፤ እሷ ካለቀች ኒቡም አለቀ።

የመጀመሪያው ጭረት አለመውጣት ሌላ ነው። በፋብሪካ ሲወለውሉት የስንጥቁን የውስጥ ጠርዞች ከመጠን በላይ ካከበቧቸው ቀለሙ ከወረቀቱ አንድ ፀጉር ያህል ርቆ ይቆማል፤ ጫን ሲሉ ይወርዳል፣ በቀላል እጅ ግን አይነካም። እንዲህ ያለው ኒብ ሲጽፍ ለስላሳ ስለሆነ ሰው ደህና ይመስለዋል። ይህን ቤት ውስጥ ከማስተካከል ይልቅ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይቀይሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ያስተውሉ። የሚቆራረጠው በገጹ የታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ ከሆነ ብዕሩን አይውቀሱት፤ የላይኛውን ሲጽፉ የእጅዎ ጠርዝ ታች ወረቀቱን ቅባት አስነክቶታል። ከእጅዎ ሥር ቁራጭ ወረቀት አድርገው ይጻፉ። ከአንድ ሁለት ገጽ በኋላ በድንገት የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ኮንቨርተሩን ብርሃን ላይ ይዩት፤ ቀለሙ ከኋላ ተጣብቆ ፊት ለፊት አየር ካለ በጣትዎ ጥፍር መታ መታ ሲያደርጉት ይወርዳል።

ጥያቄ፦ አባቴ ለብዙ ዓመታት ቢሮ የተጠቀመበት ፓርከር 51 ከአገር ቤት መጣልኝ። ውስጡ ቀለም ደርቆበታል። ላድነው እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ይድናል፤ ከዚህ ብዕር የበለጠ ትዕግሥትን የሚክስ ጥቂት ነው። ፓርከር 51 ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ኒቡ ከጫፉ በቀር በኮፍያ የተሸፈነ በመሆኑ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ቀፎውን ሲፈቱት ውስጡ የብረት ሽፋንና መጫኛ ዘንግ ካለው እ.ኤ.አ. በ1948 የመጣው ዓይነት ነው፤ ይህ ራሱ ቀላሉ ነው። ከቀፎው ጫፍ ትንሽ ክዳን ተፈትቶ ከሥሩ የሚጫን ዘንግ የሚወጣ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት የተሠራው ነው። የእሱ የውስጥ ጎማ በዕድሜ ስለሚበሰብስ መቀየር ያስፈልገዋል፤ ልዩ መፍቻ የሚጠይቅ ሥራ ነውና ለባለሙያ ይላኩት።

የብረት ሽፋን ያለው ነው እንበል። ሦስት ነገር እንዳያደርጉ፦ ኒቡን የሸፈነውን ኮፍያ ለመፍታት እንዳይታገሉ፣ ሙቅ ውሃ እንዳይጠቀሙ፣ አልኮል እንዳያስጠጉት። ኮፍያው በማጣበቂያ የታሸገ ነው። አካሉ ደግሞ አክሪሊክ ስለሆነ አልኮል ሲነካው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም።

የክፍል ሙቀት ያለው ውሃ በብርጭቆ ያድርጉ። የመያዣውን ክፍል ብቻ፣ ከጫፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ነክረው ያሳድሩ። ጠዋት ውሃው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ያገኙታል። ውሃውን ይቀይሩና ዘንጉን ስድስት ጊዜ ይጫኑ፤ በየመሐሉ ለቀው ሦስት አራት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከብረት ሽፋኑ ሥር ያለው የቀለም ከረጢት ውሃ የሚስበው በዚያች ፋታ ነው። ይህን ጠዋትና ማታ ይድገሙት። አንድ ሳምንት ቢወስድ አይገረሙ፤ የደረቀ ቀለም ቀስ እያለ ነው የሚሟሟው። ከዚያ በኋላም ውሃው አልጠራ ካለ አንድ እጅ የቤት አሞኒያ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠው አንድ ጠብታ ሳሙና ይጨምሩበትና ግማሽ ሰዓት ይንከሩት፤ ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውሃ ያጥቡ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

መዳኑን የሚያውቁት በአረፋው ነው። ውሃ ውስጥ ነክረው ዘንጉን ሲጫኑ ከኒቡ ሥር አረፋ ቡልቅ ማለት አለበት። አረፋ ከሌለ ከረጢቱ ውስጥ ያለችው ቀጭን የአየር ቱቦ ገና ተደፍናለች፤ መንከሩን ይቀጥሉ። አረፋ እየወጣም ውሃ ካልሳበ ከረጢቱ ተቀዷል ማለት ነው።

ሲድን እንደ ፓርከር ኩዊንክ ወይም ፔሊካን 4001 ያለ ቀላል ቀለም ይስጡት። ከብዕሩ ጋር ሱፐርክሮም የሚል የድሮ ብልቃጥ አብሮ ከመጣ ለማስታወሻ ያስቀምጡት እንጂ እንዳይሞሉት፤ ብዕር በመብላት የታወቀ ነበር። የአባትዎ ስም ክዳኑ ወይም ቀፎው ላይ ተቀርጾ ከሆነ ማወልወያ አያስነኩት፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይበላዋል። ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከጅዳ አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ብዕሬ ኪሴ ውስጥ ያፈሳል። ጅዳ ላይ አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም። (ከጅዳ)

መልስ፦ ብዕሩ ጤነኛ ነው፤ ያፈሰሰው አየሩ ነው። ጅዳ ባሕር ጠረፍ ናት፣ ቦሌ ግን ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊት ከጅዳው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ብዕሩ ውስጥ የታፈነው አየር ግፊቱ ሲቀልለት አንድ ሦስተኛ ያህል ያብጣል። ያበጠው አየር የሚገፋው ቀለሙን ነው።

እናስላው። 0.8 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኮንቨርተር በግማሽ ተሞልቶ ጉዞ ቢጀምር 0.4 ሚሊ ሊትር አየር አለው። አዲስ አበባ ሲደርስ 0.53 ይሆናል፤ 0.13 ሚሊ ሊትር ቀለም ወደ ውጭ ይገፋል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ጠብታ ማለት ነው። ጥቂቱን የፊዱ ሸንተረሮች ይይዙታል፣ የተረፈው ክዳን ውስጥ ይንጠባጠባል። ሸሚዝ ለማበላሸት አንድ ጠብታ ይበቃል። ቀፎው ራሱ እንደ ጋን ሙሉ በሙሉ ቀለም የሚሞላበት ዓይነት ብዕር ከሆነማ የባሰ ነው፤ 2 ሚሊ ሊትር አየር ካለው ከ0.6 ሚሊ ሊትር በላይ ይደፋል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ይጠበቃል ይሉ ይሆናል። ይጠበቃል፤ ግን በባሕር ጠረፍ ልክ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ እንዳለ ያህል ነው። ደግሞም በሩ ሲከፈት የውስጡና የቦሌው ግፊት እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ ማምለጫው ሁለት ነው፦ ወይ አየር እንዳይኖረው ጢም አድርጎ መሙላት፣ ወይ ባዶውን አጥቦ መያዝ። ግማሽ የሞላው ነው አደገኛው። በሁለቱም መንገድ ኒቡ ወደ ላይ ይሁን፤ አየሩ ከኒቡ በኩል ከተቀመጠ ሲያብጥ ቀለሙን ሳይነካ ይወጣል። ሲደርሱ ክዳኑን በሶፍት ላይ ቀስ ብለው ይክፈቱ። በመመለሻው ችግር የለም፤ ወደ ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይኮማተራል እንጂ አይገፋም። ይህ በመኪናም ይሠራል፤ ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ቁም ጽሕፈት እማራለሁ። በቤት የተዘጋጀውን የብራና ጥቁር ቀለም በቀለም ብዕር ሞልቼ ልለማመድ ፈልጌ ነበር። (ከጎንደር)

መልስ፦ ተው፣ ወንድማችን። የብራናው ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ደቅቆ ይንሳፈፋል፣ ማጣበቂያውም ሲደርቅ ብራናው ላይ ያስረዋል። ለመቃ ብዕር ይህ በጎነት ነው፤ ደርቆ ቢጣበቅ ትፍቀዋለህ፣ ቢበላሽ ትቀርጸዋለህ። የቀለም ብዕር ፊድ ግን ፀጉር የምታክል ቦይ ነው ያለችው፤ አንዴ ጥላሸት ከታሰረባት ውሃ አይመልሳትም። ለንድፍና ለሥዕል የሚሸጠው ቻይና ኢንክ፣ የማህተም ቀለም፣ የፕሪንተር ቀለምም እንዲሁ አይገቡባትም። በጥላሸት የተሠራ ሆኖ ለብዕር ተብሎ እጅግ የደቀቀ ቀለም አለ፤ የፕላቲነም ካርቦን ብላክ አንዱ ነው። እሱን ብትሞላ ግን ብዕሩን ሳትጽፍበት አታሳድረው፤ በየሁለት ሳምንቱም እጠበው።

ቅርጹን መለማመድ ከሆነ ፍላጎትህ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ኒብ ፈልግ። ላሚ 1.1፣ 1.5 እና 1.9 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ኒቦች ለሳፋሪ ይሠራል፤ ለትልልቅ ፊደል ደግሞ ከ1.5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ፓይለት ፓራለል አለ። የኒቡን አፍ ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርገህ ያዘው፤ ወደ ታች ስትጎትት ወፍራም፣ ወደ ጎን ስትወስድ ቀጭን ይወጣል፤ በመቃ የምታውቀው ያው ነው። የፊደሉን ቁመት ከኒቡ ስፋት አምስት እጥፍ አድርገህ ጀምርና እንደ እጅህ አስተካክል። መለማመጃህ ወረቀት ይሁን፤ ተራ የብዕር ቀለም በፀሐይ ስለሚደበዝዝ ለመጽሐፍ ሥራ አይታመንም።

ጥያቄ፦ በሰማያዊ ቀለም የጻፍኩት ማስታወሻ ዝናብ ነክቶት ሙሉ ገጽ ጠፋ። ውል ለመፈረምስ ምን ልጠቀም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሮያል ብሉ የሚባሉት ሰማያዊ ቀለሞች ከልብስ እንዲለቁ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ከወረቀትም ይለቃሉ። ለሚፈርሙት ነገር ብረት ያለበትን ወይም ደቃቅ ቅንጣት ያለበትን ቀለም ይያዙ። የፔሊካን 4001 ብሉ ብላክ ብረት አለበት፤ ሲጽፉ ሰማያዊ ሆኖ ቆይቶ ይጠቁራል፣ ውሃም ቢነካው ጽሑፉ ይነበባል። ከቅንጣቶቹ የሴለር ኪዋጉሮ ጥሩ ነው። ሁለቱም ግን ብዕሩ ውስጥ እስኪደርቁ መረሳት የለባቸውም። ገዝተው ከመተማመንዎ በፊት አንድ መስመር ጽፈው አንድ ቀን ያቆዩና ከቧንቧ ሥር ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ደብተሬ ላይ ቀለሙ እንደ ሥር ይበተናል፣ ወደ ጀርባም ያልፋል። (ከደሴ)

መልስ፦ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ ቀለም እንዳይጠጣ የሚያደርገው ሽፋን ሳስቶበታል። ወፍራም ወረቀት ሁሉ ደህና አይደለም፤ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከእሽግ እሽግ ይለያያል። ደብተር ስትገዛ የመጨረሻው ገጽ ላይ ኒቡን አሳርፈህ እስከ አምስት ቁጠር፤ ነጥቡ ክብ ሆኖ ከቆየ ግዛ፣ እግር ካወጣ ተወው። የገዛኸውን ለመጨረስ ቀጭን ኒብና «ደረቅ» የሚባለውን ዓይነት ቀለም ተጠቀም። ፔሊካን 4001 ከደረቆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ግራኝ ልጅ አለኝ፤ ሲጽፍ እጁ ጽሑፉን ያጠፋዋል። (ከአምስተርዳም)

መልስ፦ እጁን ከመስመሩ በታች አድርጎ እንዲጽፍ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ያጋድሉለት፤ ከላይ አጥፎ የሚጽፍ ከሆነ ግን ቀጭን ኒብና ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ይርዱት። ላሚ ለግራ እጅ ተብሎ የተሠራ ኒብ አለው። ግራኝ ጸሐፊ ኒቡን እየገፋ ስለሚሄድ ክንፎቹ እኩል ካልሆኑ ከቀኝ እጅ ጸሐፊ ይልቅ ይሰማዋል።

ጥያቄ፦ የወርቅ ኒብ የተሻለ ይጽፋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወረቀቱን የምትነካው ጠብታ የወርቁም የብረቱም ከሌላ ጠንካራ ብረት የተሠራች ናት። 14 ካራት (585 የሚል ማህተም ያለው) ወርቅ በቀለም አይዝግም፣ አንዳንዱም ትንሽ ይለጠጣል። ልስላሴ ግን የአሞራረድ ጉዳይ ነው። በደንብ የተሞረደ የብረት ኒብ ያልተሞረደውን ወርቅ ይበልጠዋል፤ ወርቁን የሚገዛው ወርቁን የወደደ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜው ይታጠብ? አጥቤው ሳስቀምጥስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዘወትር የሚጽፉበት ከሆነ በወር አንድ ጊዜ፣ ቀለም በቀየሩ ቁጥርም የግድ። ሁለት ቀለም ፊዱ ውስጥ ሲገናኝ አንዳንዴ ይረጋና ዝቃጭ ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይጽፉበት ከሆነ ባዶ አድርገው ያስቀምጡት፤ በበጋ ደረቅ አየር ቀለሙ ውስጥ ያለው ውሃ እየተነነ ቀለሙ ይወፍራል። የመጨረሻውን እጥበት በተጣራ ውሃ ያድርጉት፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይተዋል። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ ይሸጣል፤ ከጎኑ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ ስለሆነ ግን ጽሑፉን ሳያነቡ አይውሰዱ። ካጠቡ በኋላ ክዳኑን ክፍት ትተው አንድ ሌሊት ያድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ የተዘጋ ብዕር ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታ የገባበትን ብዕር ብልቃጥ ውስጥ ከነከሩ ደግሞ ቀለሙም ይበከላል። ብልቃጡ አፍ ላይ ነጭ ድር ካዩ ወይም ቀለሙ ከሸተተ ይጣሉት፤ አጥልሎ መጠቀም አይሠራም።